በሁለት ቀን ስንት ጭፈራ ይለመዳል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ሱሉልታ ላይ ቅዳሜና እሁድ የቱርክ ባህላዊ ጭፈራ እንደማስተምር ጠቀስ አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው አላቋረጠም። ከዓለም ገና፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩ ጽፋችሁልኛል። ሁሉንም ለመመለስ ገጹ አይበቃም። ብዙዎቻችሁን የሚነካውን መርጫለሁ። ስም አልጠቀስኩም፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምኖረው ዓለም ገና ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፤ አለቆቻችን ቱርኮች ናቸው። አንድ ሠርግ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጨፍሩ አይቼ በጣም ቀናሁ። ቃና ላይ በሚተላለፉት ድራማዎችም አያለሁ። ግን በሕይወቴ ጨፍሬ አላውቅም። የዘመድ ሠርግ ላይ እንኳ ጥግ ይዤ ነው የማጨበጭበው። በሁለት ቀን ምን እለምዳለሁ? ወይስ ብሬን ማባከን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብርሽ አይባክንም። ነይ። በሁለት ቀን አንድ ጭፈራ ይዘሽ ትሄጃለሽ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ያየሻቸው ሃላይ ሲጨፍሩ መሆን አለበት። ላንቺም የሚሆነው እሱ ነው።

ሃላይ የመካከለኛው፣ የምሥራቁና የደቡብ ምሥራቁ አናቶሊያ (በእስያ በኩል ያለው የቱርክ ክፍል) ጭፈራ ነው። ሲቫስ፣ ኤላዚግ፣ ዲያርባኪር፣ ጋዚያንቴፕ ብትሄጂ ሠርግ ያለ ሃላይ አይሞቅም። ቱርኮችም ኩርዶችም አሦራውያንም ይጨፍሩታል። ድንበር ተሻግረሽ ሶሪያ ብትገቢም ዘመዱን ታገኚያለሽ። ሰዎቹ በአንድ መስመር ይቆማሉ። አንዳንዱ ቦታ በትንሿ ጣት፣ አንዳንዱ ቦታ በመዳፍ፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ይያያዛሉ። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። በቀኝ ጫፍ ያለው መሪ ሃላይባሽ ይባላል። በእጁ መሐረብ ይይዛል። እርምጃ ሊቀየር ሲል መሐረቡን እያሽከረከረ፣ እየተጣራ ለሌላው ያሳውቃል።

እርምጃው ከመንደር መንደር ይለያያል። እኔ ቅዳሜ ጠዋት የማስጀምረው በጣም ቀላሉን ነው። ቀኝ እግር ወደ ቀኝ ይረግጣል። ግራ ተሻግሮ ይረግጣል። ቀኝ እንደገና። ግራ ከመሬት ይነሳል። ከዚያ ግራ ይረግጣል፣ ቀኝ ይነሳል። ስድስት ምት ነው። አለቀ። እንደገና ከመጀመሪያው።

መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ ነው የምንሄደው። ዝም ብሎ መራመድ። ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ «መቼ ነው የምንጨፍረው?» የሚለኝ አይጠፋም። ግን እግር ሐሳብ ሳይጠብቅ መሄድ የሚለምደው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ከበሮ አገባለሁ። ከቡና በኋላ እጅ እንያያዛለን። እጅ ሲያያዝ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። እግርሽ ቢጠፋብሽ የጎረቤትሽ እጅ ይመልስሻል። ወደ ላይ ስትነሳ ትነሻለሽ፤ ስትቆም ትቆሚያለሽ። ጥግ ይዞ ማጨብጨብ ለለመደ ሰው ከሃላይ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ብቻሽን መሀል ገብተሽ የምትታዪበት ጭፈራ አይደለም። በዚያ ሰዓት ሁሉም የየራሱን እግር ነው የሚከታተለው።

እሁድ ከሰዓት ፍጥነቱ ይጨምራል። ብዙው ሃላይ ከዝግታ ተነስቶ ወደ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ሰኞ ቆመሽ የምትሠሪ ከሆነ ባትሽ እንደሚያምሽ ከወዲሁ እወቂ። እሁድ ማታ እግርሽን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ተኚ።

ጥያቄ፦ አምና አንድ ቦታ «በሁለት ቀን ስድስት የቱርክ ጭፈራ» የሚል ማስታወቂያ አይተን እኔና ባለቤቴ ተመዘገብን። አሠልጣኙ ራሱ ጎበዝ ጨፋሪ ነው። ግን አንዱን ሳንይዝ ወደ ሌላው ያልፋል። ሰኞ ዕለት ቤታችን ውስጥ እንሞክር ብንል ከስድስቱ አንዱን እንኳ መድገም አቃተን። ጥፋቱ የኛ ነው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ይህን ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልሰው፤ ልቤን የሚያቃጥለኝ ነገር ስለሆነ።

አንድ ፈረንጅ መጥቶ «የኢትዮጵያን ጭፈራ በሁለት ቀን አስተምሩኝ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? የቱን? የጉራጌን እግር ነው፣ የጎንደርን ትከሻ ነው፣ የወላይታን ወገብ ነው? ቱርክም እንደዚሁ ናት። በምዕራብ፣ በኤጂያን ባሕር በኩል፣ በኢዝሚርና በአይዲን አካባቢ ዘይቤክ አለ። ዝግ ያለ፣ ኩራት ያለው ጭፈራ ነው። እጅ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ጉልበት ወርዶ መሬት ይነካል። እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ነው የሚቆመው። በሰሜን፣ በጥቁር ባሕር ዳር፣ ትራብዞንና ሪዜ ላይ ሆሮን አለ። እሱ ደግሞ ፈጣንና ነዛሪ ነው። ኤርዙሩም ባር የሚባለውን ጎን ለጎን ቆመው ይጨፍራሉ። በአውሮፓ በኩል ባለችው ትራኪያ ካርሽላማ አለ፤ ፊት ለፊት ተያይተው ነው። ኮንያና ሲሊፍኬ የእንጨት ማንኪያ እያንቃጩ ይጨፍራሉ። ቡርሳ ላይ ደግሞ ሰይፍና ጋሻ ይዘው የሚጨፈር አለ። ሙዚቃ የለውም፤ ምቱ የሰይፉና የጋሻው ግጭት ራሱ ነው።

የሚለያዩት በልብስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስድስቱን መሞከር ባልከፋ። ልዩነቱ ቆጠራቸው ላይ ነው። ሃላይ ብዙ ጊዜ ለጆሯችን ቀላል በሆነ ምት ይሄዳል። ሆሮን ግን አብዛኛውን ጊዜ በ7 ምት ነው የሚቆጠረው። ካርሽላማና ዘይቤክ በ9 ናቸው። ሰሌዳ ላይ ቁጥር ስጽፍ ሰው ፊቱ ይጨፈገጋል። ስለዚህ ቡና እላለሁ። እስቲ እናንተም አሁን ጮክ ብላችሁ በሉት።

ቡና፣ ቡና፣ ቡናዬ።

ፊደሎቹን ቁጠሩ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ናቸው። ሆሮን ይኸው ነው። አሁን አንድ ቡና ጨምሩ።

ቡና፣ ቡና፣ ቡና፣ ቡናዬ።

ዘጠኝ ሆነ። ካርሽላማ ይኸው ነው። «ቡ» ባላችሁ ቁጥር አጨብጭቡ። ከመጨረሻው ጭብጨባ በኋላ ትንሽ መጠበቅ አለ፤ «ዬ» የምትባለዋ ቦታ ናት። ጀማሪ ሁሉ ያቺን ይውጣታል። ሁለት አድርጎ ያሳጥራትና ዙሩን ከከበሮው ቀድሞ ይጀምራል። እኔ ተማሪ ሳይ መጀመሪያ የማየው እግሩን አይደለም፤ ያቺን ቦታ ይጠብቃታል ወይ የሚለውን ነው። ከባዱ ዘይቤክ ደግሞ ያንኑ ዘጠኝ እጅግ አድርጎ ያረዝመዋል። በጥድፊያ ለኖረ ሰው ከፍጥነቱ ይልቅ ዝግታው ነው የሚከብደው። እግር ተነስቶ አየር ላይ ይቆያል፤ ምቱ እስኪደርስ ትጠብቃላችሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኝ፣ ከምሳ በኋላ ሰባት፣ ማታ ሌላ ምት ካላችሁ ጆሮ ምኑን ይይዛል? እናንተ አልሰነፋችሁም። ጆሯችሁ ጊዜ አላገኘም።

ሌላ ጊዜ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ጭፈራው የየትኛው ከተማ ወይም አካባቢ ነው? በሁለት ቀን ስንት ታስተምራላችሁ? ለመጀመሪያው ጥያቄ «የቱርክ ነዋ» ከተባላችሁ፣ ለሁለተኛው ከሁለት በላይ ከተባላችሁ፣ ብራችሁን ኪሳችሁ አኑሩት። እኔ አንድ ነው የማስተምረው። ቡድኑ ከዚህ በፊት አብሮ የጨፈረ ከሆነ ሁለት።

ጥያቄ፦ የባህል ምግብ ቤት ውስጥ እስክስታ እጨፍራለሁ። ሆሮንን በስልኬ ሳየው «ይሄማ የኛው ነው!» አልኩ። ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሥልጠና ስገባ ግን «ትከሻህን ተወው» ተባልኩ። ለምን? (ከካራ ቆሬ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው እልህ ነበር። ዓይንህ ግን አላታለለህም፤ ንዝረቱ አለ። የሚነሳበት ቦታ ነው የሚለየው።

በእስክስታ ትከሻና አንገት ይመራሉ፤ እግር ያጅባል። ከፊትህ ከቆመው ሰው ጋር ትፎካከራለህ፣ ትጠይቀዋለህ፣ ትመልስለታለህ። በሆሮን ንዝረቱ ከታች ነው የሚመጣው። ጉልበት ላላ ብሎ ይነዝራል፤ ንዝረቱ በወገብ አልፎ ትከሻ ላይ ይደርሳል። የጥቁር ባሕር ሰዎች ራሳቸው መረብ ውስጥ ከሚንፈራገጠው ሐምሲ ከሚሉት ትንሽ ዓሣቸው ጋር ያያይዙታል። ሌላው ደግሞ እጅህ ያንተ ብቻ አይደለም። ግራና ቀኝ ተይዟል፤ አንዳንዴም ከራስ በላይ ተነስቷል። ትከሻህን ብቻህን ስትሰብቀው የጎረቤትህን ክንድ እየጎተትክ ነው። መሪው ሲጣራ መስመሩ በሙሉ እኩል ይወርዳል፣ እኩል ይነዝራል። አንድ ሰው ቀድሞ ከጀመረ ከዳር ሲታይ ወዲያው ያስታውቃል።

ቤትህ እንዲህ ተለማመድ። እጆችህን ወገብህ ላይ አድርግ። ጉልበትህን ትንሽ አጠፍ አድርገህ «ቡና፣ ቡና፣ ቡናዬ» እያልክ በእግርህ ፊት ብቻ ቦታህ ላይ ርገጥ። ትከሻህን ምንም አታዘው። እግርህ በደንብ ሲፈጥን ትከሻህ በራሱ ይነዝራል። የሚፈለገው ያ ነው።

ያንተ ጥቅም የት እንዳለ ልንገርህ። አንተ ማሲንቆ መከተል ታውቃለህ። ተጫዋቹ ሲያፋጥን፣ ሲያዘገይ፣ ሲያቆም ሰውነትህ ቀድሞ ይሰማዋል። ሆሮን የሚጨፈርበት ከመንቼ ባለሦስት ክር ነው፤ እሱም እንደ ማሲንቆ በደጋን ይመታል። ተጫዋቹ ራቅ ብሎ መድረክ ላይ አይቀመጥም፤ ጨፋሪው መሀል ገብቶ ይጫወታል። በቀረጻ ብቻ የለመደ ሰው ይህን ለመልመድ ብዙ ይቸገራል። አንተ ግን ከሌሎቹ ቀድመህ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ልመዝገብ ትለኛለች። ጭፈራውን አልጠላሁም። ግን ወንድና ሴት ቀኑን ሙሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው መዋላቸው ቅር ይለኛል። ምን ይላሉ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ አባቴ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል። በብዙ የአናቶሊያ መንደሮችም የወንድና የሴት መስመር ለየብቻ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ የሚያደርጉ ሠርጎች አሉ። የሴቶች ብቻ የሆነ ጭፈራም አለ። እኔን መጀመሪያ ያስተማረችኝ ሴት የኤላዚግ ልጅ ናት፤ ባሏ እዚህ ሰበታ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። የከተማዋን ስም ባነሳች ቁጥር የምትነግረኝ ቻይዳ ችራ የሚባለውን ነው። ሴቶች ሻማ የበራበት ትንሽ ሳህን በየእጃቸው ይዘው ይጨፍሩታል። ሙሽራዋ ሂና በምትቀባበት ምሽት ነው በተለይ የሚጨፈረው። ወሎና ሐረር ሂና የሚቀቡ ቤተሰቦች ያሏችሁ አንባብያን ምሽቱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

እኛ ጋ ለሚፈልጉ የሴቶች መስመር ለብቻው አለ። ልጅዎ እዚያ ትገባለች። በድብልቁ መስመር የሚቆሙትም እጅ መያያዝ ካልፈለጉ የመሐረብ ጫፍና ጫፍ ይይዛሉ። እርስዎም ቅዳሜ ጠዋት አብረዋት ይምጡ። ወንበር አለ፣ ቡና አለ። ተቀምጠው ያዩና ይወስናሉ።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለዓመቱ መዝጊያ በዓል ተማሪዎቻችን ነጭ ቀሚስና ረጅም ቆብ አድርገው የሚሽከረከሩበትን የቱርክ ጭፈራ እንዲያቀርቡ አስበናል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ልታሠለጥኚልን ትችያለሽ?

መልስ፦ አልችልም፣ መምህር። እንዳላስተምር ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን እንድትለውጡ ጭምር እለምናችኋለሁ።

እሱ ጭፈራ አይደለም፤ ጸሎት ነው። ሰማ ይባላል። መውላዊ የተባሉት ሱፊዎች ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1273 ኮንያ ላይ ያረፈውን ባለቅኔውን ሩሚን የሚከተሉ ናቸው። ቱርክ ውስጥ ደርቪሽ የሚባሉት የሱፊዎቹ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ተዘግተው ነበር፤ ያኔም ቢሆን ሥርዓቱን ያልተዉ ሰዎች ናቸው እስከ ዛሬ ያደረሱት። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ሰማህ የሚባል ሌላም አለ፤ አሌቪ ቤክታሺ የተባሉት የቱርክ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመዝግቧል። ወንድና ሴት በክብ ይዞራሉ፤ ሲያዩት ጭፈራ ይመስላል። እሱም አምልኮ ነው። ሌላ አገር ያሉ ተማሪዎች መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የማኅሌታችንን ወረብ ለበዓል ማድመቂያ ቢያቀርቡት ምን ይሰማን ነበር? ለጎብኚ በመድረክ የሚያሳዩ አሉ፤ አውቃለሁ። እኔ ግን እጄን አላስገባም።

ለልጆች የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ የማንኪያውን ጭፈራ ውሰዱ። በየእጁ ሁለት ሁለት የእንጨት ማንኪያ፣ ጀርባ ለጀርባ ተገጥመው ይያዛሉ። መዳፍ ሲዘጋ ይንቃጫሉ። ልጆች በጣም ይወዱታል፤ ማንኪያው ከመርካቶ ይገዛል። ለእሱ ደውልልኝ፤ በደስታ እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጽሑፍሽን እወደዋለሁ፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። የራሳችን ጭፈራ እየጠፋ ነው። የሰፈሬ ልጆች የአያታቸውን ጭፈራ አያውቁም። አንቺን የመሰለ ባለሙያ ጉልበቱን ለቱርክ ጭፈራ ሲያውል ያሳዝነኛል። (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያልከው እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር ነው። በኪነት ቡድን ውስጥ ነው ያደግኩት። አብረውኝ ከጨፈሩት አንዳንዶቹ የሚያውቁትን ሳያወርሱ አልፈዋል።

ግን ቱርኮች ምን እንዳደረጉ ላንሳልህ፤ እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሪፐብሊኩ እ.ኤ.አ. በ1923 ሲመሠረት የመንደር ጭፈራ ለከተማ ሰው የሚታይ ነገር አልነበረም። የስፖርት መምህሩ ሰሊም ስሪ ታርጃን የኤጂያንን ዘይቤክ ወስዶ በአዳራሽ ወንድና ሴት እንዲጨፍሩት አድርጎ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ ደግሞ ሃልክኤቭለሪ የተባሉ የሕዝብ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ። እስከ 1951 ድረስ ቆይተዋል። የየአካባቢው ጭፈራ እየተሰበሰበ፣ እየተለመደ፣ ለሕዝብ እየታየ ሄደ። ዛሬ የኤርዙሩም ልጅ የትራብዞንን ሆሮን ሊጨፍር የሚችለው በዚህ በኩል ነው።

ዋጋም ነበረው። መድረክ ጭፈራን ይቀይረዋል። መንደር ውስጥ ሽማግሌው እንደ ጉልበቱ፣ ወጣቱ እንደ ጉልበቱ ይረግጣል። መድረክ ላይ ሁሉም እግር እኩል ቁመት ላይ መነሳት አለበት። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደው ጭፈራ አጭር ትርኢት ይሆናል። እኛም አገር ያየሁት ይኸው ነው። የየክፍለ ሀገሩ ኪነት ብዙ ነገር አዳነ። አዳነና አሳጠረው። የዛሬ ልጅ የወላይታን ጭፈራ የሚያውቀው በመድረክ ልኩ ነው።

ስለዚህ የማስተምረው የመድረኩን ሃላይ አይደለም። የሠርጉን ነው። ተሠልፎ ለተመልካች መታየት የለም፤ መስታወትም አላሰቀልኩም። እሁድ ከሰዓት ደግሞ የመጨረሻው ሰዓት የተሳታፊዎች ነው። እያንዳንዱ የመጣበትን አካባቢ ጭፈራ ያሳየናል፤ እኛም ተነስተን አብረነው እንሞክራለን። እዚህ ነው የገረመኝ ነገር ያለው። ቅዳሜ ጠዋት «የኛ ጭፈራማ እስክስታ ነው፣ በቃ» ያለ ሰው እሁድ ከሰዓት «ቆይ፣ እናቴ አገር ትከሻው ሁለቴ ነው የሚወርደው» ማለት ይጀምራል። ምት ሲቆጥር የዋለ ጆሮ የራሱንም መቁጠር ይጀምራል። አንዷ ተሳታፊ ከዚያ ተነስታ መንዝ ድረስ ሄዳ የአያቷን ጭፈራ በስልክ ቀርጻ አምጥታልናለች። አሮጊቷ ተቀምጠው ነው የሚያሳዩት፤ እግራቸው አይችልም። እጃቸውና ትከሻቸው ግን ሁሉንም ይናገራል።

አንተም የምታውቀውን ይዘህ ና። አዳራሹ እሁድ ከሰዓት ክፍት ነው፤ ለዚያ ሰዓት ክፍያ አልጠይቅም። የሰፈርህንም ልጆች አምጣቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው፤ ጉልበቴን ያመኛል። ዳር ሆኜ ከማይ ብጨፍር ደስ ይለኛል። ይቻላል?

መልስ፦ እናቴ፣ ይቻላል። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም ደረጃ ሲወርዱ የሚከዳዎ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየዎት። ከዚያ የሃላዩን ዝግተኛ ክፍል ይጨፍሩ፤ ሲፈጥን ከመስመሩ ወጥተው ያጨብጭቡ። መንበርከክ ስላለበት ዘይቤክ ይቅርብዎ፤ ሆሮንም ይቅርብዎ። የኛ አዳራሽ ወለል ሊሾ ነው፤ ሊሾ ላይ መዝለል ለጤነኛ ጉልበትም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ማንንም አላዘልልም። ሱሉልታ ጠዋት ብርድ ነው፤ ጉልበትዎን የሚያሞቅ ነገር ለብሰው ይምጡ።

ጥያቄ፦ የሰፈር ቡድን አለን። የቱርክ ከበሮና ዙርና ከየት እናምጣ? በኛ ከበሮና በዋሽንት ብንሞክረውስ? ልብስስ?

መልስ፦ በከበሮው ይሆናል። የነሱ ዳቩል ትልቅ ነው፤ በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ባንድ እጅ ወፍራም መምቻ፣ በሌላው ቀጭን ዘንግ ነው። ወፍራሙ ከባዱን ምት ይመታል፤ ቀጭኑ በመሀል ያለውን ይሞላል። በኛ ከበሮ ሰፊው ፊት የወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊት የቀጭኑን ሥራ ይሠራል። የለመደ ከበሮ መቺ ቶሎ ይይዘዋል። ቡናዬን እያለ ይምታ።

ዋሽንት ግን አይሆንም። ዙርና ለሜዳ የተሠራ ነው። ድምፁ ስለታም ነው፤ ተጫዋቹም በአፍንጫው አየር እያስገባ ሳያቋርጥ ይነፋዋል። ዋሽንት ከዳቩል ጋር ከገባ አይሰማም። ለዜማው ቀረጻ ተጠቀሙ፤ ከበሮውን በቀጥታ ምቱ።

ልብስ አትግዙ። ለመለማመድ የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ሸራ ጫማ፣ ላላ ያለ ሱሪ ወይም ቀሚስና አንድ መሐረብ ነው። ሶሉ በጣም የሚይዝ ስኒከር አታድርጉ፤ እግር ሲዞር ጉልበት ይጠማዘዛል። ምሳ ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሚጾሙ ስላሉ አንድ ሁለት ሰው የጾም ቢያመጣ ጥሩ ነው። ቡናው ከኛ ነው።